የጨፋ ረግረግ ድሮና ዘንድሮ፦ ከአሮጌ ቶፖ ካርታ ላይ የውሃ ጠርዝ አወጣጥ

ሰላም ናችሁ። ይሄን የምጽፈው ወሎ ውስጥ ጂኦግራፊ ወይ የተፈጥሮ ሀብት ለምታጠኑ ልጆች፣ ወረዳ ግብርና ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ረግረግ ድሮ እስከየት ነበር?» ተብላችሁ ለምትጠየቁ፣ እንዲሁም የአገሩን ድሮ ማወቅ ለሚወድ ሰው ነው። ምሳሌዬ በዋናነት ጨፋ ነው፣ ቦርከና ከኮምቦልቻ ወርዶ ከሚሴ ዙሪያ ሚተኛበት ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሐይቅን አነሳለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ፣ ኪውጂአይኤስ (ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፣ በነጻ ነው ሚወርደው)፣ ስማርት ስልክ፣ አንድ ሁለት ካርታ እና ለሰው ቁጭ ብሎ ለማውራት ትዕግስት ነው። አብሽሩ፣ ኮምፒውተሩ ከባድ አይደለም፣ ከባዱ ካርታው ምን እያለ እንደሆነ መረዳቱ ነው።

ቀድሜ ልንገራችሁና እንግባ። ካርታ ላይ ያለው ሰማያዊ ጠርዝ ካርታው የተሳለበትን ፎቶ አውሮፕላኑ ያነሳ ቀን ውሃው የት እንደነበረ ነው ሚነግራችሁ፣ ከዛ ውጪ ምንም አይነግራችሁም። ጨፋን በጥር ያየ ሰውና በነሐሴ ያየ ሰው ስለ አንድ ቦታ እያወሩ አይመስሉም። የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች ይሄን ችግር ድሮ ነው የተጋፈጡት፣ ምክንያቱም እዛ ጭቃማው ረግረግ በቀን ሁለቴ ባብዛኛው እየሞላ እየጎደለ ነው፣ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚ አንድ መስመር ስሎ «ባሕሩ እዚ ያበቃል» ማለት ውሸት ነው ሚሆነው። እንግሊዞች ካርታቸው ላይ ሁለት መስመር ነው ሚያደርጉት፣ የሙላቱን አማካይና የጉድለቱን አማካይ፣ ስኮትላንድ ላይ ደግሞ በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሚመጣውን ትልቁን ሙላትና ጉድለት ይወስዳሉ። በሁለቱ መስመር መሃል ያለው መሬት አንዴ ውሃ አንዴ ጭቃ ነው ማለት ነው። ይሄን ሐሳብ እኛም እንዋሰው። የጨፋ ሙላት በዓመት ነው፣ በክረምት ይሞላል በበጋ ይጎድላል፣ በመሃል ደግሞ በልግ አለችላችሁ፣ የወሎ ሰው በልግ ምን እንደምታደርግ ያውቃል፣ መጋቢት ላይ አንድ ሳምንት ከባድ ዝናብ ከጣለ በጋ ነው ብላችሁ የተማመናችሁበት ፎቶ ውሃ ተኝቶበት ታገኙታላችሁ። ስለዚ ሥራችን በሙሉ ሁለት መስመር ፍለጋ ነው፣ የውስጡ (በጋም ማይደርቀው) እና የውጪው (ክረምት ሚደርስበት)።

1. ጥያቄያችሁን አሳንሱት

«የጨፋ ለውጥ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከዚ ድልድይ እስከዛ መንደር ያለው ረግረግ በኛ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በበጋ ምን ያህል ሸሸ» በሉት። አንድ ሺት (አንድ የካርታ ወረቀት) ላይ ሚያልቅ ሥራ ምረጡ፣ ሲሳካላችሁ ታሰፉታላችሁ።

2. ምን ዓይነት ካርታ አለ፣ የቱስ ይጠቅማል

በጣም የቆየውን ሚፈልግ ሰው ሁሌ መቅደላ ይመጣበታል። በ1868 በፈረንጅ እንግሊዞች አጼ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ መሐንዲሶቻቸው መንገዱን እየለኩ ነው የመጡት፣ ግን የሳሉት የሄዱበትን መስመር ግራና ቀኝ ነው፣ ከሰሜን በሰናፌ በአሸንጌ አድርገው ነው የመጡት፣ ጨፋን አላዩትም። ስለዚ ለዚ ሥራ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ አይረዳም።

ቀጥሎ ጣሊያን። በወረራው ዘመን የጣሊያን ወታደራዊ ካርታ መሥሪያ ቤት በተለያየ ስኬል ካርታ አውጥቷል፣ ትልልቁን አገር ሚያሳየው 1፡400,000 እና 1፡1,000,000 ለመንገድና ለስም ጥሩ ነው፣ ለረግረግ ጠርዝ ግን አትመኑት፣ በ1፡400,000 አንድ ሚሊሜትር ማለት 400 ሜትር ነው። የመንደር ስም ስትፈልጉ ደግሞ እንደ ጣሊያን አስቡ፣ ወሎ በዩ ነው ሚጀምረው፣ «ኪ» እና «ኬ» ሚለውን ድምፅ ባብዛኛው በሲና ኤች፣ «ካ» እና «ኮ»ን በሲ ብቻ ይጽፉታል፣ ካለዛ ፍለጋው ባዶ ይመልስላችኋል።

ከጣሊያን የተረፈው ትልቁ ነገር ግን ከካርታው ይልቅ የአየር ፎቶው ነው። በፈረንጅ ከ1935 እስከ 1941 የተነሱ ወደ 34,000 የሚጠጉ ፎቶዎች 50 በ20 ሳንቲም በሆኑ ደረቅ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ ካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ነበር፣ የመቀሌና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው አሳድደው ስካን ያስደረጓቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ ወደታች የተነሳ፣ ሁለት በግራና በቀኝ ትንሽ ያዘነበሉ እና አንድ በጣም ያዘነበለ ፎቶ አለ። ሽፋኑ አገሩን ሁሉ አይደለም፣ ስለዚ የናንተ ቦታ አለ ወይ የሚለውን ቀድማችሁ አጣሩ፣ ካለ ግን ከዛ በፊት ያለ ሌላ ፎቶ አታገኙም።

ከዛ ወዲህ በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ካርታ ክፍል የተሠራው 1፡250,000 አለ። ደሴና ሐይቅ ያሉት ኤንሲ 37-3 ላይ ነው፣ ከሚሴና ጨፋ ከሱ በታች ባለው ኤንሲ 37-7 ላይ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ወታደራዊ ካርታዎችን በነጻ ዳውንሎድ ሚደረጉ አድርጎ ለቋቸዋል፣ የአፍሪካውን ክፍል ገብታችሁ ፈትሹ። ይሄ ለአጠቃላይ እይታ ነው፣ ለመለካት አይሆንም።

ለመለካት ምትፈልጉት የአገራችንን 1፡50,000 ነው። አንዱ ሺት 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ይሸፍናል፣ በአንድ ዲግሪ ውስጥ 16 ሺት አለ ማለት ነው፣ ቁጥሩም ከደቡብ ምዕራብ ጥጉ ላቲትዩድና ሎንጊትዩድ ይነሳል፣ ስለዚ ሐይቅ አካባቢ ያለው በ1139 ይጀምራል፣ ከሚሴ በ1039። ሚገኘው አዲስ አበባ ከኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው (የድሮው ካርታ ሥራዎች)፣ የአየር ፎቶም እዛው ትጠይቃላችሁ። ከትምህርት ቤት ወይ ከመሥሪያ ቤት ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብዳቤው ላይ የሺቱን ቁጥር በትክክል አስጽፉ፣ «የወሎ ካርታ ይሰጣቸው» ሚል ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ተመልሶ መምጣት በደሴ መንገድ ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ ከሰማይ የመጣው። ኮሮና (በሽታው አይደለም፣ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ነው) በፈረንጅ ከ1960 እስከ 1972 ፊልም ሲያነሳ ነበር፣ በ1995 ምስጢርነቱ ተነስቶ አሁን ኧርዝ ኤክስፕሎረር ሚባል ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ ስካን የተደረገው በነጻ ይወርዳል፣ ያልተደረገው ክፍያ አለው። አሁንም በፈረንጅ፣ ከ1972 ወዲህ ላንድሳት ሚባሉት ሳተላይቶች ምስል አለ፣ ከ2015 ወዲህ የሴንቲኔል ሁለት፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

3. ቀኑን ፈልጉ፣ ከዛ ወደኛ አቆጣጠር አምጡት

ቶፖ ሺት ኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ብዙ ቀን አለው፦ ፎቶው የተነሳበት፣ መሬት ላይ ወጥቶ የተጣራበት፣ የታተመበት። ብዙ ሰው ትልቁን የኅትመት ዓመት ይወስድና ይሄዳል። ለውሃ ሚያስፈልጋችሁ የፎቶው ነው፣ በፎቶውና በኅትመቱ መሃል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ወሩ ካርታው ላይ ከሌለ የአየር ፎቶውን ራሱን ጠይቁ፣ ፎቶው ጠርዝ ላይ ቀን፣ አንዳንዴም ሰዓት ይኖራል።

አቆጣጠሩን ማምጣት ምትሉት ነገር ቀላል ይመስላል ግን ሰው ሚሳሳተው እዚ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ (በነሱ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ) 7 ቀንሱ፣ ከዛ በኋላ 8። በፈረንጅ ዲሴምበር 1964 የተነሳ ፎቶና ጃንዋሪ 1965 የተነሳ ፎቶ ሁለቱም በኛ 1957 ናቸው። ይሄ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ኋላ ሽማግሌ ጋር ስትቀመጡ «በ1965» ካላችኋቸው የሚያስቡት የ66ቱን ድርቅ ዋዜማ ነው፣ እናንተ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ከዛ 8 ዓመት ቀድሞ የተነሳ ፎቶ ነው። የወሎ ሰው ትዝታ ደግሞ በድርቅ ነው ሚቆጠረው፣ የ66ቱ፣ የ77ቱ። ፎቶአችሁ ከነዚ ከአንዱ ጋር ከገጠመ የድርቅ ዓመት መስመር ነው፣ ከደህና ዓመት ጋር አታወዳድሩት።

4. ስካን

ካርታውን አታጥፉት። 400 ዲፒአይ ይበቃል፣ በዛ ጥራት አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 3 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ውስጥ ትልቅ ስካነር ያላቸው የፕላን ማተሚያ ቤቶች ጠይቁ። ካጣችሁ በስልክ፣ ግን መሬት ላይ ዘርግታችሁ መስታወት ጫኑበት፣ ጥላ ውስጥ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ከላይ፣ በአራት አምስት ቁራጭ አንሱትና ለየብቻ ጂኦሪፈረንስ አድርጉ (ስካኑን መሬት ላይ ካለው ትክክለኛ ቦታው ጋር ማስቀመጥ ማለት ነው)።

ከስካኑ በፊት በማስመሪያ ወረቀቱን ለኩት። የ1 ኪሎሜትር ግሪድ ካርታው ላይ 2 ሳንቲም ነው፣ አሥሩ 20 ሳንቲም መምጣት አለበት። 19.9 ካመጣ ወረቀቱ ተጨማትሯል፣ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጨማተረ ደግሞ ሲቀመጥ ይወለጋገዳል። ማስታወሻ ላይ ጻፉት፣ አይጣልም ካርታው።

5. ጂኦሪፈረንስ፣ እዚ ጋ ቀስ በሉ

ኪውጂአይኤስ ላይ ሌየር ሚለው ሜኑ ውስጥ ጂኦሪፈረንሰር አለ (በቆየው ቨርዥን ራስተር ስር ነው)። ስካኑን ክፈቱና የግሪድ መስመሮች ሚቆራረጡበትን እየነካችሁ ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስገቡ፣ አራቱ ጥግ፣ ከዛ ጠርዝ ጠርዙ፣ ከዛ መሃል፣ 9 ወይ 12 ነጥብ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ካርታ ስልካችሁ በሚያውቀው ዳተም (የቦታ ቁጥሮቹ ከየት ተነስተው እንደሚቆጠሩ ሚወስነው መነሻ) አልተሠራም። ዳተሙ አዲንዳን ይባላል፣ ስሙ ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ መነሻ ነጥብ የመጣ ነው፣ ኤሊፕሶይዱም (የምድርን ቅርጽ ሚወክለው ሒሳብ) ክላርክ 1880 ነው። ስለዚ ኮኦርዲኔት ሲስተም ሲጠይቃችሁ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን በሉት፣ ኮዱ 20137 ነው። ብዙ ሰው ስለለመደው 32637ን ይመርጣል፣ እሱ ደብልዩጂኤስ 84 ነው። ቁጥሩ ያው ስድስትና ሰባት አኃዝ ስለሆነ ፕሮግራሙ ምንም አይልም፣ ካርታችሁ ግን ወሎ ላይ ወደ ደቡብ 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ተንሸራትቶ ነው ሚቀመጠው። ዳገት ላይ ቢሆን ወዲያው ይታወቅ ነበር፣ መንገዱ ገደል ውስጥ ይገባላችኋላ። ጨፋ ላይ ግን ሜዳ ነው፣ ምንም አያስታውቅም፣ ረግረጉ በአንድ በኩል 200 ሜትር ሸሽቶ በሌላ በኩል ሰው ማሳ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ከዛም «ረግረጉ ወደ ደቡብ እየተንቀሳቀሰ ነው» ሚል ድንቅ ግኝት ይጻፋል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ስታዩ መጀመሪያ ዳተሙን ጠይቁ።

20137 ብላችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ወደ 32637 ስትቀይሩት ፕሮግራሙ የትኛውን ቅየራ ልጠቀም ሊላችሁ ይችላል፣ ለኢትዮጵያ የሆነውን ምረጡ፣ ቁጥሮቹ 165 በኔጌቲቭ፣ 11 በኔጌቲቭ እና 206 ናቸው። የሱዳኑን ወይ ለአካባቢው በጅምላ የተሠራውን አትውሰዱ።

ትራንስፎርሜሽኑ ፖሊኖሚያል አንድ ይሁን። ከዛ የስህተቱን ቁጥር እዩ፣ መሬት ላይ ከ10 ሜትር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ነጥብ ብቻውን በጣም ካፈነገጠ ባብዛኛው ቁጥር ስታስገቡ ተሳስታችኋል። ቲን ፕሌት ስፕላይን ሚባለው ካርታውን እንደ ላስቲክ እየጎተተ ሁሉንም ነጥብ ያስማማላችኋል፣ ስህተቱንም ዜሮ ያሳያል፣ ዜሮ ስላለ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ስህተታችሁን ደብቆላችሁ ነው። እሱን ለኮሮና ፊልም ያዙት፣ ኮሮና እየዞረ ሚያነሳ ካሜራ ስለሆነ የፊልሙ ጫፍና ጫፍ የተለጠጠ ነው፣ እሱን ደግሞ ሙሉውን አታስቀምጡት፣ የምትፈልጉትን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ።

ከዛ ፈትሹት። ከሳተላይት ምስል ጋር ደርቡና ማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ፦ ኮረብታ ላይ ያለ ቤተክርስቲያን፣ የቆየ መስጊድ፣ የድሮ የድንጋይ ድልድይ፣ የመንገድ መገንጠያ። የወንዝ ጥምዝ አትጠቀሙ፣ ቦርከና ሜዳው ላይ አልጋውን ይቀያይራል። ረግረጉ መሃል ሚያዝ ነገር ስለሌለ ነጥባችሁን ከግራና ከቀኝ ከዳገቱ ሥር አምጡ፣ በሁለቱም በኩል ከገጠመ መሃሉም ገጥሟል።

6. የረግረግ ምልክቱን ማንበብ

በ1፡50,000 ሺት ላይ ረግረግ ሚሳለው በአጫጭር አግድም ሰማያዊ ሰረዞች ነው፣ በመሃል በመሃል ትንንሽ የሣር ቁጥቋጦ መሳይ ነገር ጣል ጣል ይደረግበታል። አጉልታችሁ እዩት፣ ሰረዞቹ ተጠጋግተው ያሉበትና ሳሳ ብለው ሚያልቁበት አለ፣ ዙሪያው ላይም ባብዛኛው መስመር የለም። ምክንያቱም ሳዩ ራሱ ፎቶው ላይ ጥርት ያለ ጠርዝ አላየም። ሰማያዊ ሙሉ መስመር ዓመቱን ሙሉ ሚፈስ ወንዝ ነው፣ የተቆራረጠው በክረምት ብቻ። ክረምት ውሃ ሚተኛበት መሬት ደግሞ የራሱ ምልክት አለው፣ ኅዳጉ ላይ ካለው ማብራሪያ ጋር እያስተያያችሁ እዩት፣ ከረግረግ ጋር አታምታቱት፣ ያ ነው የውጪ መስመራችሁ መነሻ።

ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ሚያገናኘው መስመር) እዚ ብዙ አይረዳም። በሁለት መስመር መሃል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው፣ ጨፋ ውስጥ ደግሞ ከአንዱ ኮንቱር እስከ ሌላው ሙሉ ሜዳ ያልፋል። ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ተዳፋቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ሚወርድ ቢሆን ውሃው 1 ሜትር ሲወርድ ጠርዙ 100 ሜትር ይሸሻል፣ ከዛ ይበልጥ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ደግሞ ግማሽ ሜትር ብዙ መቶ ሜትር ያስኬደዋል። ስለዚ ጨፋ ላይ ጠርዙ በጣም ሸሸ ማለት ውሃው በጣም ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው፣ ገደላማ በሆነው በኩል ውሃው ቢወርድም ካርታ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል።

ሐይቅን ካነሳን አይቀር፣ ለልምምድ ከሱ ጥሩ ቦታ የለም። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎሜትር ነው፣ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ስለዚ ሚገባበትና ሚተንበት ሲዛባ ውሃው ራሱ ይናገራል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር፣ ዛሬ በእግር ነው ሚገባው። በእጃችሁ ባለው በእያንዳንዱ ካርታና ፎቶ ላይ ያቺን አንገት ብቻ አጉልታችሁ እዩ፣ ውሃ ነው? ረግረግ ምልክት ነው? ወይስ የመኪና መንገድ ተስሎባታል? እሷን ብቻ በየዓመቱ ደርድራችሁ ብታሳዩ ሙሉ ሪፖርት ከመጻፍ ይበልጣል። ወደ ቦታው ስትሄዱ ግን ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ሴቶች አይገቡም፣ እህቶቻችን ከማዶ ወይ ከጀልባ ላይ ነው መለካት ያለባችሁ።

የሐይቁን ከፍታ ከካርታ አንብባችሁ ከስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ጋር አታወዳድሩ። የካርታው ከባሕር ወለል ነው፣ ጂፒኤሱ ከሌላ ሒሳባዊ ወለል ነው ሚለካው፣ በሜትሮች ይለያያሉ፣ የስልክ ከፍታ ደግሞ ራሱ ይዋዥቃል።

7. መሳል

ለእያንዳንዱ ምንጭ (ካርታ ወይ ፎቶ) የራሱ ፖሊጎን ሌየር (ዙሪያው የተዘጋ ቅርጽ ሚሳልበት ገጽ)። ሰንጠረዡ ውስጥ እነዚን አምዶች ፍጠሩ፦ ምንጭ፣ የፎቶው ቀን በፈረንጅ፣ በኛ ዓመትና ወር፣ ወቅት (በጋ፣ በልግ፣ ክረምት)፣ የውስጥ ወይስ የውጪ መስመር፣ እርግጠኝነት። እርግጠኝነቱን ሦስት አድርጉት፦ ግልጽ፣ ግምት፣ አልታየም። ጥላ ወይ ደመና ያለበትን ዝም ብላችሁ በዓይን አታሟሉት፣ አልታየም በሉት።

ከ0.5 ሚሊሜትር ያነሰ ነገር ካርታው ራሱ አይምልበትም፣ እሱ መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። የናንተን ጂኦሪፈረንስና የእጃችሁን ስህተት ስትጨምሩበት ከ50 ሜትር በታች የሆነ ለውጥ ለውጥ ነው ብላችሁ አትጻፉ።

8. ሳተላይቱን መጨመር

ወሩ ይግጠም፣ በቃ። ካርታችሁ የጥር ከሆነ የጥር ላንድሳት ፈልጉ፣ የዓመቱንም ሆነ የፊተኛውን ክረምት ዝናብ ከሜትዎሮሎጂ ጠይቁ። ውሃን ለመለየት አረንጓዴውን ባንድ (ሳተላይቱ እያንዳንዱን የብርሃን ዓይነት ለየብቻ ሚቀዳበት ምስል) ከአጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱ ጋር ነው ሚያወዳድሩት፣ ላንድሳት 5 ላይ 2ና 5፣ ላንድሳት 8 ላይ 3ና 6። በፈረንጅ የ1970ዎቹ ላንድሳቶች ይሄ ኢንፍራሬድ የላቸውም፣ ፒክስላቸውም ሻካራ ነው። ላንድሳት 7 ደግሞ ከግንቦት 1995 (በፈረንጅ ሜይ 2003) ወዲህ ምስሉ ላይ ጥቋቁር ሽንጥሮች አሉት። እና አትርሱ፣ ሣርና ደንገል ስር የተኛ ውሃን ሳተላይት እንደ ሣር ነው ሚያየው። ጨፋ ባብዛኛው እንዲህ ነው፣ ስለዚ ሳተላይቱ ሁሌም አሳንሶ ነው ሚነግራችሁ።

9. ሰው መጠየቅ

ይሄን ምትዘሉ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል። ካርታውን በኤ3 ፕሪንት አድርጉ፣ ወንዙን፣ መንገዱን፣ ቤተክርስቲያኑንና መስጊዱን አድምቁት፣ የሳላችሁትን መስመር ግን አታሳዩ፣ ካሳያችሁ ሰው አክባሪ ስለሆነ «ልክ ነው ልጄ» ይላችኋል። ቀበሌ ቀድማችሁ አሳውቁ፣ በዚ ዘመን ጂፒኤስ ይዞ ሜዳ ላይ መዞር ያጠራጥራል። ከሚሴ ዙሪያ ኦሮምኛ ሚናገር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በበጋ ደግሞ ከአፋር በኩል ከብት ይዘው ሚመጡ ሰዎችም አሉ፣ የረግረጉን መሃል ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል። ቡና ከቀረበ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ፣ ሰዓት እያያችሁ አትጠይቁ።

አጠያየቁ ላይ፣ «ረግረጉ ስንት ሄክታር ነበር» ሚባል ጥያቄ መልስ የለውም። ሥራ ጠይቁ። ከብት የት ነበር ሚሰምጠው፣ ደንገል የት ይታጨድ ነበር፣ ከዚ ወደዛ ማዶ በእግር ይኬድ ነበር ወይስ ዞራችሁ ነበር ምትሄዱት፣ የመጀመሪያው ሽንኩርት የተተከለው የቱ ጋ ነው፣ ጉድባው መቼ ተቆፈረ።

«አባባ፣ በ77ቱ ከብቱን የት ነበር ሚያሰማሩት?» ብላችሁ «ያኔማ መሃሉ ድረስ ገብተን ነው፣ በደህና ዓመት ማን ይደፍረዋል፣ በሬው እስከ ሆዱ ይሰምጥ የለም እንዴ» ሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ሁለት መስመር ባንዴ ሰጧችሁ ማለት ነው፣ የድርቁንና የደህናውን ዓመት። «መሃሉ» ያሉት የቱ ጋ እንደሆነ ጣታቸውን ፕሪንቱ ላይ እንዲያኖሩ ጠይቁ፣ ቢችሉ አብረዋችሁ ይሂዱና ስልካችሁ ላይ ነጥብ ያዙ፣ ስልክ ሚይዘው ደብልዩጂኤስ 84 ስለሆነ 32637 ካደረጋችሁት ካርታ ጋር ይገጥማል። እናቶችንም ጠይቁ፣ ውሃ ሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ምንጩ የደረቀበትን ዓመት ከወንዱ ይልቅ ያስታውሳሉ፣ ብዙ ጊዜ ከልጅ ልደት ጋር አያይዘው።

የሰው ትዝታና ፎቶው ሲጋጩ ፎቶው ልክ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የፎቶውን ወር እዩ። ሰውየው የነሐሴውን እያሉ ይሆናል፣ ፎቶው የጥር ነው።

10. ውጤቱን ስትሰጡ

ስፋቱን በሄክታር አስሉና አጠጋጉት፣ ነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር አትጻፉ። ከቁጥሩ አጠገብ ሁሌም ወሩን ጻፉ፣ «በ1957 ጥር፣ የውስጥ መስመር» በሚል መልክ። ወር የሌለው ቁጥር ከሰጣችሁ ሌላ ሰው የሐምሌ ቁጥር አምጥቶ «ረግረጉ አደገ» ይላል።

መሬት ነገር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ረግረግ ሲደርቅ ማሳ ይሆናል፣ ማሳ ደግሞ ባለቤት አለው፣ አንዳንዴም ሁለት ባለቤት። አሮጌ ካርታ ይዞ «ይሄ ረግረግ ነበር» ማለት አንዱ ሰው ጆሮ ውስጥ «ይሄ ያንተ አይደለም» ሆኖ ነው ሚገባው። ቶፖ ካርታ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም፣ ያን ለወረዳው መሬት አስተዳደር ተዉት፣ ሚታተመው ካርታ ላይም የሰው ስምና የማሳ ወሰን አታስገቡ።

ፋይሎቹን ስም ስታወጡ ሺት ቁጥር፣ የፎቶ ዓመት በፈረንጅ፣ የዳተም ኮድ፣ በዚ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ፎልደሩን ሚከፍት ሰው የቱ 20137 የቱ 32637 እንደሆነ ከስሙ ካላወቀ ያቺ 200 ሜትር ተመልሳ ትመጣለች። ያልተነካውን ስካን ለብቻ በፍላሽ አስቀምጡ፣ አንድ ኮፒ ለወረዳው ግብርና፣ አንድ ለትምህርት ቤታችሁ ላይብረሪ ስጡ፣ ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን ያኖሩበትንም ኤ3 ስካን አድርጋችሁ ከዛው ፎልደር ጨምሩት።